ሙጫው እስኪደርቅ ማን ተናገረ?

ከካርቶን የተሠራ የኤፌል ማማ የፈረንሳይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ አንዱ ለመለካትና ለመቁረጥ፣ ሌላው ለማጣበቅና ቀለም ለመቀባት። በእነዚያ 80 ደቂቃዎች ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ግን «መቀሱን አቀብለኝ»፣ «ሙጫው የት ገባ?»፣ «ቲቸር፣ እዩት ነካብኝ!» ነው። ከፈረንሳይኛው የተነገረው «ቱር ኤፌል» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷም ርዕስ ለመጻፍ ስለተፈለገች ነው።

የእጅ ሥራን ለማጣጣል አይደለም። ልጅ በእጁ የነካውን በቀላሉ አይረሳም። ጥያቄው እጁ ሲሠራ አፉ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሠራው የሚለው ነው። ለልጆች የሚዘጋጅን ማንኛውንም የፈረንሳይኛ ፕሮጀክት የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለችው ዝምተኛ ልጅ ስንት ጊዜ አፏን ከፈተች?

እስቲ እናስላው። 40 ልጆች፣ 40 ደቂቃ። ስም ተጠርቶ፣ ደብተር ወጥቶ፣ የቤት ሥራ ታይቶ 10 ደቂቃው ይሄዳል። በቀረው 30 ደቂቃ መምህሩ አንድ በአንድ እያስነሳ ቢጠይቅ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 45 ሴኮንድ ነው፤ ከዚያም ግማሹን የመምህሩ ጥያቄ ይወስደዋል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ10 ደቂቃ ብቻ ቢነጋገሩ ግን ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ሥራው ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ ነው። ልጁ ዛሬ አሥር ጊዜ ሊላቸው የሚገባቸው ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ምንድን ናቸው? እነሱን ጻፉ፤ ከዚያ እነሱን ሳይናገር ሊጨርሰው የማይችለውን ሥራ ፈልጉ።

ወደ ሥራዎቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ፊደላችን አንድ ነገር። ልጆች ፈረንሳይኛውን ከላዩ ላይ በፊደል መጻፍ ይወዳሉ፤ «ቦንዡር» ብለው። እኔም እዚህ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ልጆቹን ግን እከለክላቸዋለሁ። ምክንያቱ አንድ ካርቶን ሳጥንና አንድ እርሳስ ይዞ በሁለት ደቂቃ ይታያል። «በላይ» በፈረንሳይኛ ደሱ ነው። «በታች»ም ደሱ ነው። ማለትም በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ለፈረንሳዊ ጆሮ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የ«በታች»ኛው መጨረሻ የእኛው «ኡ» ነው። የ«በላይ»ኛው ግን አማርኛ የሌለው ድምፅ ነው። ለማውጣት ልጁ «ኢ» ይበል፤ ምላሱን ሳያንቀሳቅስ ከንፈሩን ብቻ ለፉጨት እንደሚያሾል ያሹለው። ትንሽ መስታወት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ከንፈራቸውን ሲያሾሉ ምላሳቸውም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሽና ያው «ኡ» ይሆንባቸዋል። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል፦ አንዱ ልጅ ይናገራል፣ ሌላው እርሳሱን ሳጥኑ ላይ ወይም ሥር ያደርጋል። እርሳሱ ያላሰበው ቦታ ሲያርፍ ተናጋሪው ራሱን ያርማል። መምህሩ አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

በሌላ በኩል ፊደላችን ያተረፈልንም አለ። «ዥ» አለን፤ ስለዚህ «ዠ» (እኔ) የምትለዋ ቃል የእኛን ልጅ አታስቸግረውም። የግዕዙ «ለ»ም ከወንድ ስም ፊት ከምትገባው አመልካች «ለ» ጋር ተቀራራቢ ነው። የወንድና የሴት ጾታ ማለት ምን እንደሆነም ማስረዳት አይጠበቅብንም። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ ትንሽ ወይም የምንወደው ዕቃ ሴት ይሆናል፤ «ወንበሯ»፣ «ቤቷ» እንላለን። ልጁም ይህን ይዞ ይሄድና ትንሽ የሆነውን ሁሉ በሴቷ አመልካች «ላ» ይለዋል። በፈረንሳይኛ ወንበር ትልቅም ይሁን ትንሽ ሴት ናት። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥዕል ካርዶችን ጠርዝ በሁለት ቀለም መቀባት ነው፤ ሰማያዊ ለ«ለ»፣ ቀይ ለ«ላ»። በኋላ ላይ ልቀባ ማለት ግን ከንቱ ድካም ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ሥራ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከጣልያን ወረራ በፊት በከተማዋ የዘመናዊ ትምህርት ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ባቡሩም በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ቃላት ጭኖ ነው የመጣው። ልጆቹ ቤት ሄደው ታላላቆቻቸውን ይጠይቁ፦ ቢሮ፣ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ዳንቴል፣ ኤታማዦር ሹም፣ ድሮ ነጩን ሁሉ የምንጠራበት «ሙሴ»። ከሁሉም የምወደው ለገሃር ነው። መጀመሪያው ላይ ያለችው «ለ» የእኛ «ለ» አይደለችም፤ «ላ ጋር» ከሚለው የመጣችው «ላ» ናት። «ጋር» ባቡር ጣቢያ ነው። ይህን አንዴ የሰማ ልጅ የባቡር ጣቢያን ጾታ ዕድሜ ልኩን አይስትም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ትርጉማቸው የተንሸራተተውን ማሳየት ነው፤ «ቢሮ» ለፈረንሳዩ ክፍሉም ነው፣ መጻፊያ ጠረጴዛውም ነው። ከ10 ቃል በላይ አትሰብስቡ፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ልጆቹ እንግሊዝኛውን ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው ብለው ይዘው ይመጣሉ።

የሳምንቱን ቀናት ለማስተማር ዘፈን አያስፈልግም፤ ሰኞ ማክሰኞ አለን። የፈረንሳይ ልጆችም ይህንኑ ጨዋታ በጠመኔ ሥለው ይጫወታሉ፤ ማሬል ይሉታል። ሣጥኖቹን ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይሰጧቸዋል፤ ከታች «ቴር» (ምድር)፣ ከላይ «ስየል» (ሰማይ) ብለው ይጽፋሉ። ለእኛ ክፍል ሰባት ሣጥን ይበቃል፦ ላንዲ፣ ማርዲ፣ ሜርክረዲ፣ ዠዲ፣ ቫንድረዲ፣ ሳምዲ፣ ዲማንሽ። ለ40 ልጅ አንድ ሜዳ መሣል ትልቁ ስሕተት ነው፤ አንዱ ይዘላል፣ 39ኙ ይጋፋል። 8 ሜዳ ይሣል፤ በአንድ ሜዳ 5 ልጅ። የአንዱ ሣጥን ጎን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁሉም ልጅ ከላንዲ እስከ ዲማንሽ ውኃ አድርጎ ይጠጣዋል፤ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲባል ግን ከላንዲ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ነው ዠዲ ላይ የሚደርሰው። ቀኖቹ ለእሱ ሰባት ቃል አልሆኑም፤ አንድ ረጅም ቃል ሆነዋል። ስለዚህ ሕጉን ቀይሩት። ድንጋዩ ያረፈበትን ቀን ሳይጠራ አይዘልም፤ መመለሻው ላይ ከዲማንሽ ወደ ኋላ ይጠራል፤ የሚጠብቁት አራቱ ደግሞ ሳይታሰብ «ኤ ደማን?» (ነገስ?) እያሉ ይጮኹበታል። መልሱን የሳተ ተራውን ይለቃል። በዚህ ሕግ የሚጠብቁትም ሥራ አላቸው፤ ዋናው ቁም ነገርም እሱ ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። የገበያ ጨዋታ በየመጽሐፉ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይከሽፋል። የሚከሽፈው ዋጋው ዕቃው ላይ ስለሚለጠፍ ነው። ዋጋው ከታየ ገዢው ምን ይጠይቃል? በጣቱ ይጠቁማል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋውን መደበቅ ነው።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኤ4 ወረቀት ለስምንት አጥፎ ቆርጦ በስድስቱ ላይ ፖም፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና እንቁላል ቤቱ ሥሎ ይመጣል። 40 ልጅ ሲባዛ በ6፣ 240 ሥዕል። ሥዕሉ ቤት እንዲሠራ ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ የክፍሉ ጊዜ ለአፍ ነው። ገንዘቡ ቆርኪ ነው፤ በማርከር 1 ወይም 2 ይጻፍበት። ለአንድ ገዢ ሦስት ባለ 2ና አራት ባለ 1፣ ድምሩ 10 ዩሮ። ለ20 ገዢ 140 ቆርኪ ይበቃል። በሰፈሩ ካለ አንድ ሻይ ቤት በሳምንት ይሞላል።

ክፍሉ በ10 መደብር ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሻጭ። የቀሩት 20 ገዢዎች ናቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ። ለአንድ መደብር ከስድስቱ ዕቃ አራት አራት ሥዕል ይደርሰዋል። መምህሩ አሥር የዋጋ ወረቀት ያዘጋጃል፤ በአንዱ መደብር ፖም 1 ዩሮ ከሆነ በሌላው 5 ይሁን። ወረቀቱን ሻጮቹ ብቻ ያዩታል። ገዢው አራት ዕቃ የተጻፈበት ዝርዝር ይዞ ይዞራል። ሳይጠይቅ ካገኘበት ከገዛ 10 ዩሮው በሁለተኛው ዕቃ ያልቃል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ ሦስት መደብር ይጠይቃል። አራት ዕቃ በሦስት፣ 12 ጥያቄ። «ቦንዡር ማዳም፣ ሴ ኮምቢያን፣ ሌ ፖም?» አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ማንም ድገም ሳይለው።

ርካሹ መደብር ላይ ሰልፍ ይፈጠራል። እንዲፈጠር ተዉት፤ አራቱ ፖም ሲያልቅ ሻጩ «ሴ ፊኒ!» ማለት አለበትና። ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር በትክክለኛ ጊዜው ማለት ይህ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ መከራከራቸው አይቀርም። «ሴ ትሮ ሼር!» (በጣም ተወደደ) አስተምሯቸው። ፈረንሳይ አገር ምግብ ሲሸጥ ዋጋ መከራከር የተለመደ አይደለም፤ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ላይ ግን አለ። ቢሆንም የልጆቹ ደም የሚሞቀው እዚህ ላይ ስለሆነ አልከለክልም።

በገበያው ውስጥ የሚደበቅ የድምፅ ወጥመድም አለ። ልጁ «ዩሮ ምን ይባላል?» ቢል መልሱ እንደ ቁጥሩ ነው። አንድ ዩሮ «አ ነሮ»፣ ሁለት «ደ ዘሮ»፣ ሦስት «ትሯ ዘሮ»፣ አምስት «ሳን ከሮ» ይመስላል። ጆሮው ንቁ የሆነ ልጅ የገንዘቡን ስም ነሮ፣ ዘሮ፣ ከሮ ብሎ ሦስት ዓይነት አድርጎ ይይዘዋል። ሰንፎ አይደለም፤ በደንብ ስለሰማ ነው። የቁጥሩ የመጨረሻ ድምፅ ወደሚቀጥለው አናባቢ እንደሚሻገር በሰሌዳ ላይ በቅስት መስመር አሳዩት። ዕድሜ ሲነገርም ይኸው ይመጣል፤ ሁለት ዓመት «ደ ዛን»፣ ስምንት «ዊ ታን»፣ ዘጠኝ «ነ ቫን»።

በገበያው ሰዓት አማርኛ የተናገረ ቆርኪ ይቀጣ የሚሉ አሉ። አልወደውም። ቅጣቱ ልጁን ወደ ፈረንሳይኛ አይወስደውም፤ ወደ ዝምታ ነው የሚወስደው። ይልቅ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ኮማ ኦን ዲ...?» (... እንዴት ይባላል?) ተጽፎ ይዋል። ቃል የጠፋበት ልጅ የሚይዘው ምርኩዝ ይኖረዋል።

ስለ «እርስዎ»ም ልጨምር። ሻጭን «ቩ» ማለት እንደሚገባ ለእኛ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንቱታን ከቤቱ ያውቃል። የሚገርመው «ቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኗ ነው። «የአንቺዋስ?» ብለው ይጠይቃሉ። የለችም።

የሰዓት ፕሮጀክት ላይ ከውጭ የመጣ መመሪያ እንዳለ ከተሠራ ልጁን ያጃጅለዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትምህርት የሚጀምር ልጅ «ኢል ኤ ደ ዘር» ይላል። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን ስሕተት፤ ፈረንሳዩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ምን ልትሠራ ተነሣህ ይለዋል። ስድስት መደመርና መቀነስ ለ8 ዓመት ልጅ እየተናገረ የሚሆን ሂሳብ አይደለም። ነገር ግን ሰዓት ላይ የስድስት ልዩነት ማለት ፊት ለፊት ማለት ነው። ስለዚህ ከካርቶን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፤ የሰዓቱን ዘንግ ከአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ የሚደርስ አድርጉት። አንዱን ጫፍ አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ ቀቡት። አረንጓዴው (የእኛው) 2 ላይ ሲሆን ቀዩ (የፈረንሳዩ) 8 ላይ ነው፤ «ዊ ተር»። የደቂቃው ዘንግ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ጥቁር ይሁን። ዘንጎቹን በሚስማር ከማያያዝ ከኋላና ከፊት ቁልፍ አድርጎ በክር ማሰር ይሻላል፤ ሚስማር ካርቶኑን ያሰፋውና ዘንጉ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወድቃል።

የካቲት ሲቃረብ ምግብ የሚወዱ ክፍሎች ሻንደለርን ያስባሉ። በዓሉ ከገና በኋላ በ40ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 2 ላይ ይውላል፤ ፈረንሳዮች በዚያ ቀን ክሬፕ የሚሉትን ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ በአንድ እጃቸው ሳንቲም ጨብጠው በሌላው መጥበሻውን ይዘው ክሬፑን ወደ ላይ ይገለብጡታል። ለ15 ክሬፕ ያህል 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ ቁንጥር ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ለ40 ልጅ ሦስት እጥፍ ነው። ወተቱ በአንዴ ከተገለበጠ ሊጡ ይጓጉላል፤ መጀመሪያ እንቁላሉን ከዱቄቱ ጋር፣ ከዚያ ወተቱን ጥቂት በጥቂት። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ጾሙንም አስቀድማችሁ እዩ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሊሆን፣ ወይም የነነዌ ጾም ሊገጥም ይችላል፤ ረመዳንም በየዓመቱ ይዞራል። ግማሹ ክፍል ቆሞ የሚያይበት ድግስ አታዘጋጁ፤ ቀኑን ማዛወር ነውር የለውም። ለቋንቋው የሚጠቅመው መብላቱ ሳይሆን ትእዛዙ ነው፤ «ካሴ» (ስበሩ)፣ «ቬርሴ» (አፍስሱ)፣ «ሜላንዤ» (አማስሉ)። ተናጋሪዎቹ ልጆቹ ይሁኑ፤ መምህሩ የሚያበስለው የታዘዘውን ብቻ ነው። «አማስሉ» ካልተባለ አያማስልም። እንጀራ እንደማይገለበጥ፣ ክሬፕ ግን እንደሚገለበጥ ያን ጊዜ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

የኤፕሪል 1 ዓሣ ቀላል ነው፤ የወረቀት ዓሣ ቆርጦ ሳይታወቅ የሰው ጀርባ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ «ፕዋሶን ዳቭሪል!» ብሎ መጮህ። አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ 10 ደቂቃ ስጡት፣ አትጨምሩ። ሙጫ ሳይሆን ፕላስተር ይሁን፤ ዩኒፎርም ላይ የደረቀ ሙጫ ወላጅ ያስመጣል።

ከሁሉም ፕሮጀክት የማስቀድመው ደብዳቤ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሴለስተን ፍሬኔ የተባለው ፈረንሳዊ መምህር በ1924 ባር ሱር ሉ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ክፍሉ ውስጥ ማተሚያ አስገብቶ፣ ልጆቹ የጻፉትን እያተሙ ከሩቅ ካለ ሌላ ክፍል ጋር ይለዋወጡ ነበር። ልጅ መምህሩ ለሚያርመው ሲጽፍና ለማያውቀው ልጅ ሲጽፍ ብዕሩ አንድ አይደለም።

ሁሉም ፓሪስን ያስባል። ጅቡቲ ይሻላል። ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው፤ ሰዓቷና የእኛ ሰዓት ክልል አንድ ነው፤ ልጆቹም በአንድ የባቡር ሐዲድ ሁለት ጫፍ ላይ ስለሚኖሩ የሚጠያየቁት አያጡም። ባሕር አለ? ሙቀቱ ምን ያህል ነው? ከፓሪስ ልጅ ጋር ወሬው ከኤፌል ማማ አያልፍም።

የደብዳቤ ፕሮጀክትን የሚገድለው ሰሌዳው ነው። መምህሩ ናሙና ይጽፋል፣ 40ው ይገለብጣል፤ እዚያ ያለው ክፍል 40 አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ መልስ የሚጽፍ ይጠፋል። መፍትሔው አምስት ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስቱ የጋራ ናቸው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚኖርበት ከተማ። አራተኛው ማንም ጓደኛው ያልጻፈው መሆን አለበት፤ ያለችው ድመት፣ የሚጠላው ምግብ፣ የወለቀ ጥርሱ። አምስተኛው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ መልስ አያመጣም። ዕድሜው ላይ ሁሉም «እኔ ስምንት ዓመት ነኝ» ብለው እንደሚጽፉ ጠብቁ። ፈረንሳይኛ ዕድሜን «አለኝ» ነው የሚለው፤ ስምንት ዓመት አለኝ። የመጀመሪያ ስም ብቻ ይጻፍ፤ የቤት አድራሻና ስልክ አይጻፍ። ሁሉንም በአንድ ፖስታ በትምህርት ቤቱ ስም ላኩት፤ ከመላኩ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ፖስታው ከዘገየ ፎቶው ቀድሞ ይደርሳል።

መልሱ ሲመጣ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር ሰሌዳ ላይ አሳዩ። በፈረንሳይኛ ሥርዓት የተማረ ልጅ እየቀጠለ ነው የሚጽፈው፤ 1ን ከታች ወደ ላይ ረጅም ጭራ አውጥቶ ይጀምራታል፤ 7 ደግሞ ወገቧ ላይ አግድም ሰረዝ አላት። ይህን ያላየ የእኛ ልጅ የጅቡቲው ጓደኛው 11 ዓመቱ መሆኑን ሲጽፍለት 77 ብሎ ያነበዋል፤ ቀኑን ሙሉም ሽማግሌ ነው የጻፈልኝ እያለ ይስቃል።